ለጠላት የተዘረጋ ማዕድ

ልጆች ሰንበት ትምህርት ቤት ጠላትን ስለ መውደድ ይማሩና ቤት መጥተው «ታዲያ የመታኝን ልጅ እንዴት ነው የምወደው?» ይሉናል። ጥያቄው የልጅ ይምሰል እንጂ እኛንም ያፋጥጠናል። አንድ ቤተ ክርስቲያን እያስቀደስን ሰላም የማንባባል ስንት ነን? በአገር ቤት ጦርነት፣ በዕቁብ ገንዘብ፣ ስብሰባ ላይ በተነገረች አንዲት ቃል ለዓመታት የተኳረፍን አለን።

እኔ የምግብ ቤት ሰው ስለሆንኩ መልሱን ማዕድ ላይ ነው የምፈልገው። በሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 6 ያለውን ታሪክ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። የሶርያ ንጉሥ ነቢዩ ኤልሳዕን ለማስያዝ በሌሊት ፈረስና ሠረገላ ልኮ የዶታይንን ከተማ አስከበበ። ኤልሳዕ ሲጸልይ የወታደሮቹ ዐይን ታወረ። እሱም እየመራ ወስዶ ሰማርያ መሐል አስገባቸው። ዐይናቸው ሲበራ የሚያዩት የጠላታቸውን ከተማ ነው! የእስራኤል ንጉሥ ሊገድላቸው ቸኮለ፤ ነቢዩ ግን አብልቶና አጠጥቶ እንዲሸኛቸው አዘዘው። ትልቅ ግብዣ ተደረገላቸው። ከዚያ በኋላ የሶርያ ዘራፊዎች መምጣት ተዉ።

ልብ በሉ፣ ንጉሡ ሶርያውያኑን ወደዳቸው የሚል ነገር የለም። ምናልባት ጥርሱን ነክሶ ይሆናል ያበላቸው። የተጠየቀው ሥራ እንጂ ስሜት አይደለም። ጌታችንም በማቴዎስ 5 እና በሉቃስ 6 ሲያስተምር የዘረዘረው የሚሠራ ነገር ነው፤ ጸሎት፣ ምርቃት፣ ሰላምታ፣ መልካም ማድረግ።

ታዲያ ጠላት በዚህ ወዳጅ ይሆናል ወይ? ሁልጊዜ አይሆንም። እዚያው ምዕራፍ ላይ ዝቅ ብላችሁ ብታነቡ የሶርያ ንጉሥ ጦሩን ሰብስቦ ሰማርያን ይከባል። ታዲያ ግብዣው ከንቱ ነበር? አይደለም። ጌታ ምክንያቱን ሲነግረን ጠላት ይለወጣል ብሎ ተስፋ አልሰጠንም። የሰማዩ አባታችን ፀሐይና ዝናቡን ለደጉም ለክፉውም ይሰጣል፤ ልጅ ደግሞ አባቱን ይመስላል። ነገሩ ይኸው ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ጠላትን መውደድ ግፍን ዝም ብሎ መሸከም አይደለም። ባሏ የሚደበድባት እህታችን «ክርስቲያን አይደለሽም ወይ? ቻዪው» ተብላ ወደ ዱላው መመለስ የለባትም። ደሞዙን የተከለከለ ሠራተኛም መብቱን ይጠይቅ። ኤልሳዕ እንኳ ወታደሮቹን አስበላቸው እንጂ እጁን አልሰጣቸውም። የሚቀረው በቀሉ ነው፤ የበደለን ሰው ክፉ እንዲያገኘው አለመመኘት።

ልጆቻችን ከእኛ ቋንቋ ብቻ አይደለም የሚወርሱት፤ ቂማችንንም ይወርሳሉ። ጸቡን ሳያውቁት «ከእነሱ ልጆች ጋር እንዳትጫወት» የተባሉ ብዙ ናቸው። ስለዚህ የዚህ ወር የቤት ሥራችን ይሄ ይሁን፦ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ፊታችንን የምናዞርበትን አንድ ሰው፣ ልጆቻችን እያዩ፣ «እንደምን ሰነበቱ?» እንበለው። ቢመልስ እሰየው። ባይመልስም ልጆቻችን አይተውናል።

ቸር ያሰማን።