ማን ላከህ?

የማይክል ማዲጋን ይግባኝም የምሕረት ማመልከቻም የየራሳቸውን መንገድ ይሂዱ፤ እኔን ዕረፍት የነሳኝ ሌላ ነገር ነው። የቀድሞው የኢሊኖይ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ማዲጋን በጥር 2025 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) በራሳቸው የሙስና ክስ ምስክር ሆነው ቀርበው የሰጡት ቃል። ሰው መጥቶ እርዱኝ ካላቸው፣ ከቻሉ ይረዳሉ። ሥራ ለፈለገ ሰው ስሙን ያስተላልፋሉ። ሌላ ምንም የለም። ሰኔ ላይ ቅጣታቸውን ሲጠብቁም ይህንኑ በሌላ አነጋገር ደገሙት፤ የኢሊኖይን ሕዝብ በሚቻላቸው ሁሉ ለማገልገል እንደሞከሩ ተናገሩ። ከ200 የሚበልጡ የወዳጅ ደብዳቤዎችም ለዳኛው ደርሰው ነበር።

እውነትም፣ ሰው መርዳት በየትኛው አገር ወንጀል ሆኖ ያውቃል?

እስቲ እርዳታውን ጠጋ ብለን እንየው። ኮምኤድ የሚባለው የመብራት ኩባንያ (ቺካጎ ያላችሁ በየወሩ ቢሉን ስለምትከፍሉ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ) ለማዲጋን ሰዎች በስምንት ዓመት ገደማ ውስጥ 1.3 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ከተቀባዮቹ መካከል በሰፈራቸው በቺካጎ 13ኛው ዋርድ (የከተማው የምርጫ ክፍል) ቤት ለቤት እየዞሩ ድምፅ የሚለምኑላቸው ቀስቃሾች ነበሩበት። በየወሩ ክፍያው ይመጣል፤ ሥራው ግን አይመጣም። ገንዘቡም በቀጥታ አይሄድም። ኩባንያው ለአማካሪ ድርጅት ይከፍላል፤ አማካሪው ከውሉ ላይ ቆርሶ ለሰዎቹ ያካፍላል፤ በወረቀት ላይ ሁሉም «ማማከር» ነው።

እኔ ሰው ስረዳ እንዲህ አድርጌ አላውቅም። የጎረቤቴን ልጅ ሥራ ባስቀጥረው፣ ደመወዙ ሦስት በር ዞሮ በመስኮት እንዲገባለት የምደክምበት ምክንያት አይታየኝም።

«ስም ማስተላለፍ ብቻ ነው» የሚለውም ያው ነው። ስሙን የሚያስተላልፈው ማን ሆኖ ነው? ከ1983 ጀምሮ፣ በመካከል ሁለት ዓመት ብቻ ተቋርጦ፣ 36 ዓመት በአፈ ጉባኤነት የተቀመጠ ሰው። የትኛው ረቂቅ ሕግ ለጉባኤ እንደሚቀርብ፣ የትኛው ኮሚቴ ውስጥ ተኝቶ እንደሚያረጅ የሚወስን ሰው። በላዩም ላይ ከ1998 ጀምሮ የኢሊኖይ ዴሞክራቶች ፓርቲ ሊቀ መንበር የነበረ። ኮምኤድ በ2011 እና በ2016 ትልልቅ ሕጎች እንዲወጡለት ይፈልግ ነበር፤ ወጡለት። እንዲህ ያለ ሰው «እስቲ ይህን ልጅ እዩልኝ» ሲል ልመና ነው ትእዛዝ? ደጅ መጥናትን የሚያውቅ ሰው ይህን ለመመለስ ጁሪ አያስፈልገውም። ኩባንያው ራሱ በ2020 ድርጊቱን አምኖ 200 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማምቷል። የአንድ ወር ቢል ሲዘገይበት የማይታገስ ድርጅት በባዶ ሜዳ ይህን ያህል ገንዘብ አይበትንም።

ጠበቆቻቸው ደግሞ ከኮምኤድ ገንዘብ ወደ ማዲጋን ኪስ የገባ የለም ይላሉ። ልክ ነው፤ አበሉ እንጂ በሉ አልተባሉም። ያበላ ግን በምርጫ ቀን ይበላል።

ከሁሉ የከበደኝ ቁጣቸው ነው። ማዲጋን፣ ሰዎቹ ሳይሠሩ እንደሚከፈላቸው አያውቁም ነበር፤ ሲያውቁ በጣም ተቆጡ፤ ቃላቸው ይህ ነው። ጁሪው እንዳይሰማው ታግዶ የቆየ አንድ የስልክ ቅጂ ነበር፤ ይህ ቃል ከተሰጠ በኋላ በሩ ተከፈተለት። በ2018 ማዲጋን ከሎቢስት ወዳጃቸው ከማይክል ማክሌይን ጋር ሲጫወቱ፣ አንዳንዶቹማ ጥሩ አድርገው ዘግነዋል የሚል ነገር ጣል አድርገው ይስቃሉ። መከላከያው ንግግሩ ስለ ሌላ ሰው ነው ብሏል። ይሁን። ግን እንዲህ እየሳቀ የሚቆጣ ሰው አይቼ አላውቅም። ዳኛ ብሌኪም በመሐላ ዋሽተዋል ብለው፣ ሰባት ዓመት ከመንፈቅ እስርና 2.5 ሚሊዮን ዶላር መቀጮ ፈረዱባቸው።

በጎን የጥብቅና ቢሮ እንደነበራቸውም ላንሳ። የቺካጎ ትልልቅ ሕንፃዎች የንብረት ግብር እንዲቀነስላቸው የሚከራከር ቢሮ ነበር። የግብር ሕግ የሚያወጣው ምክር ቤት አለቃ ለግብር ቅነሳ ጠበቃ መሆናቸው ሕጋዊ ነበር። አስተያየት የለኝም።

የዚህ ዓይነቱ እርዳታ ሥሩ የቆየ ነው። አብነር ሚክቫ፣ ኋላ የኮንግረስ አባልና የፌዴራል ዳኛ የሆኑት፣ በ1948 የሕግ ተማሪ እያሉ በቺካጎ አንድ የዴሞክራቶች ዋርድ ቢሮ ገብተው በነፃ ላገልግል አሉ። ሲጋር የሚያኝከው ሰውዬ «ማን ላከህ?» አላቸው። «ማንም።» ማንም ያልላከውን አንፈልግም ተብለው ተመለሱ። ማዲጋን በ1969 የ13ኛው ዋርድ የፓርቲ አለቃ ሲሆኑ ከዚህ ትምህርት ቤት ነው የወጡት። እዚያ እርዳታ የሚደርሰው ለተቸገረ ሳይሆን ላኪ ላለው ነው። ሥራ ያጣ፣ ግን የማንም ሰው ያልሆነ የቺካጎ ነዋሪ ያንን የኮምኤድ ደመወዝ ለአንድ ወር እንኳ ያገኘው ነበር? «ሰው ስረዳ ነው» የሚለው ቃል እኔ ዘንድ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

የካቲት 12 ቀን 2025 ከ23ቱ ክሶች በ10ሩ ጥፋተኛ ተባሉ፤ በ7ቱ ነፃ። በ6ቱ ጁሪው ለ11 ቀን ተማክሮም አልተስማማም፤ ከነዚህ አንዱ ሁሉን ነገር እንደ አንድ የወንጀል ድርጅት የሚያስተሳስረው ዋናው ክስ ነው። ከሁለት ቀን በፊት ደግሞ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ለቀድሞው የኢሊኖይ ገዥ ለብላጎየቪች ሙሉ ምሕረት ሰጥተው ነበር፤ በ2009 የማዲጋን ምክር ቤት በ114 ለ1 ድምፅ ከሥልጣን ይውረዱ ብሎ ለከሰሳቸው ሰው።

እንግዲህ ዳኛው ፈርደዋል፤ እኔም እስካሁን እፈርድ ነበር። ግን 13ኛው ዋርድ እኚህን ሰው ለ50 ዓመት ወደ ምክር ቤት የላካቸው ተታሎ አይመስለኝም። በረዶው ይጠረግለት፣ ዛፉ ይከረከምለት ነበር፤ በር ሲያንኳኳም የሚከፍትለት ነበረው። የእኔ ሰፈር መንገድ ከተቆፈረ ስንት ጊዜው ነው፤ ለማን አቤት እንደሚባል የሚያውቅ የለም። ነገ አንድ ማዲጋን መጥቶ ቢደፍንልኝና ድምፅህን ስጠኝ ቢለኝ፣ የለም እላለሁ ብዬ ለመጻፍ ብዕሬ ይዘገያል።