ገንዘቡ ማን ኪስ ገባ?

በዋሽንግተን ዙሪያ አበሻ በሚሰበሰብባቸው ቡና ቤቶች የአሜሪካ ፖለቲካ ከተነሳ ክርክሩ ብዙም ሳይቆይ የዘር ቆጠራ ይሆናል። አንዱ «ባሪያን ነጻ ያወጡት ሊንከን ሪፐብሊካን ናቸው» ይላል። ሌላው «የ1964ቱን የሲቪል መብቶች ሕግ የፈረሙት ጆንሰን ዴሞክራት ናቸው» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም አልዋሹም። ያንን ሕግ በኮንግረስ ከደገፉት መካከል ግን ከቁጥራቸው አንጻር ሪፐብሊካኖቹ ይበልጡ ነበር፤ አጥብቀው የታገሉት ደግሞ የደቡብ ዴሞክራቶች ናቸው። በዚያው ዓመት ሕጉን የተቃወሙት ባሪ ጎልድዋተር የሪፐብሊካን ፕሬዚዳንታዊ ዕጩ ሆኑ፣ ሴናተር ስትሮም ተርመንድም ከዴሞክራት ወደ ሪፐብሊካን ተሻገሩ። ስሙ እንዳለ ቀረ፣ ሰዎቹ ተለዋወጡ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለ?

ሊንከን ከተነሱ አይቀር፣ በ1862 የፈረሙት የፓስፊክ ባቡር ሕግም ይነሳ። ሀዲዱን ለሚዘረጉ ኩባንያዎች መሬትና የመንግሥት ቦንድ ሰጥቷል። መንገዱ በ1869 ተገናኘ፤ ሦስት ዓመት ቆይቶ ክሬዲ ሞቢሊየ የሚባለው የግንባታ ኩባንያ አክሲዮን ለኮንግረስ አባላት በርካሽ ሲታደል እንደነበር ጋዜጣ ላይ ወጣ። ኩባንያን በሕዝብ ገንዘብ መደጎም ለሊንከን ፓርቲ አዲስ ነገር አይደለም። ስለዚህ በ2025 የትራምፕ መንግሥት የኢንቴልን አሥር በመቶ ያህል ድርሻ ሲይዝ፣ ነጻ ገበያ ነጻ ገበያ ሲሉ ከኖሩት ብዙዎቹ ድምፃቸውን ማጥፋታቸው አልገረመኝም። ለድርሻው መግዣ የዋለው ገንዘብም ባይደን በ2022 በፈረሙት የቺፕ ሕግ መሠረት ለኩባንያው የተመደበ ነበር።

የጤናው ነገር ከዚህ ይብሳል። ሁሉም ሰው ኢንሹራንስ ይግዛ የሚለውን ግዴታ በ1989 ያቀረበው ወግ አጥባቂው ሄሪቴጅ ፋውንዴሽን ነው። በ2006 ሪፐብሊካኑ ገዥ ሚት ሮምኒ በማሳቹሴትስ ሕግ አደረጉት። ኦባማ በ2010 ለመላው አገር ሲያወጡት የአንድ ሪፐብሊካን ድምፅ እንኳ አላገኙም።

ለታክሲና ለኡበር ነጂዎቻችን፣ አነስተኛ ምግብ ቤት ላላቸው ወገኖቻችን «ኦባማ ኬር» የሚባለው ይህ ሕግ ወሬ አይደለም፤ ኢንሹራንስ የሚሰጣቸው አሠሪ የላቸውም። ወርሃዊ ክፍያቸውን የሚያቀልላቸው የመንግሥት ድጎማ ግን እጃቸው አይገባም። ብዙውን ጊዜ ከግምጃ ቤት በቀጥታ ወደ ኢንሹራንስ ኩባንያው ይሄዳል። በ2021 የተጨመረው ድጎማ በ2025 መጨረሻ ሊያበቃ ሲል በዚሁ ጠብ መንግሥት 43 ቀን ተዘጋ። ዴሞክራቶች የድሃ ድጋፍ ነው አሉ፣ ሪፐብሊካኖች የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ቀለብ ነው አሉ። ለእኔ ሁለቱም ነው። ነጂው ያለ እርሱ መታከም አይችልም፣ ኩባንያውም ይበለጽግበታል።

ሪፐብሊካኖቹ በኩባንያ ቀለብ ሲቆጡ ግን የ2003ቱን ሕግ ማስታወስ ግድ ይላል። ቡሽ ለአረጋውያን የመድኃኒት ሽፋን ሲሰጡ፣ የአረጋውያኑ የመንግሥት ኢንሹራንስ ሜዲኬር ከመድኃኒት አምራቾች ጋር ዋጋ እንዳይከራከር የሚከለክል አንቀጽ አብሮ ገባ። አገሪቱ ውስጥ ካሉት ትልልቅ የመድኃኒት ሂሳብ ከፋዮች አንዱን አፉን ዘግቶ ገበያ መላክ ማለት ነው! ክልከላው ለተወሰኑ መድኃኒቶች የላላው ገና በ2022 ነው።

እኔ ድጎማው ይቀጥል ባይ ነኝ። ዴሞክራቶች ግን ስለ ድጎማው የሚጮኹትን ያህል ስለ ዋጋው አይጮኹም፤ ዋጋው ልጓም ካልተደረገለት ግብር ከፋዩ የኩባንያውን ጭማሪ ዕድሜ ልኩን ሲሸፍን ሊኖር ነው። ልጓሙ ደግሞ ሩቅ አገር አይደለም። ሜሪላንድ ውስጥ የሆስፒታልን ዋጋ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሚወስነው የክፍለ ግዛቱ ኮሚሽን ነው፤ ሆስፒታሉ ኢንሹራንስ ያለውንም የሌለውንም በዚያው ተመን ያስከፍላል። ፖቶማክን ተሻግሮ ቨርጂኒያ የገባ ሰው ይህን አያገኝም። ተመኑ የሐኪሞችን ክፍያ አይነካም፣ ጉድለቱ እርሱ ነው። ኮሚሽኑ ሲቋቋም ገዥው ዴሞክራት ነበሩ፤ በ2018 ከትራምፕ መንግሥት ጋር ተደራድረው አሠራሩ እንዲቀጥል የፈረሙት ላሪ ሆጋን ደግሞ ሪፐብሊካን ናቸው።