ልጅ ኢያሱ ሰልሞ ነበር? ፊልሙ ከዚህ ጥያቄ አይጀምር



በአዳማም ሆነ በባቱ፣ በሻሸመኔም ሆነ በመተሐራ ስለ ሱልጣን ዐብዱልሐሚድ የተሠራውን የቱርክ ድራማ የማያውቅ ወጣት ማግኘት ይከብዳል። ሱልጣኑ እ.ኤ.አ. በ1909 እንዴት ከዙፋን እንደወረዱ ጠይቁት፤ ፈትዋውን ሳይቀር ያወራላችኋል። ከዚያ ሰባት ዓመት በኋላ እዚሁ አገራችን ስለወረደው ልጅ ኢያሱስ? «ሰልሞ ነበር አይደል?» ከማለት አያልፍም።

ስለ ልጅ ኢያሱ ትልቅ ፊልም ቢሠራ ደስ ይለናል። «ስውር ሙስሊም ነበር» የሚል ፊልም ከሆነ ግን ይቅርብን።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱ ሲያወርዱትና አቡነ ማቴዎስ ሕዝቡን ከመሐላው ሲፈቱ፣ ዋናው ክስ «እስልምናን ተቀብሏል» የሚል ነበር። (ሱልጣኑን የሸይኽ ፈትዋ አወረዳቸው፣ ኢያሱን የጳጳስ ቃል። ከሁለቱም ጀርባ የሥልጣን ሽኩቻ ነበር።) ማስረጃ የተባለው ምን ነበር? ሐረርና ድሬዳዋ መመላለሱ፣ ከሙስሊም ባላባቶች ቤት ማግባቱ፣ ከሶማሌው ሰይድ ሙሐመድ ጋር መወዳጀቱ፣ ወደ ቱርክ ማዘንበሉ። የኋለኞቹ ሁለቱ በዓለም ጦርነት መሐል እንግሊዝን፣ ፈረንሳይንና ጣሊያንን ያስቆጡ የፖለቲካ ጉዳዮች ናቸው። የፊተኞቹ ግን ከአያቶቻችን ጋር አብሮ መቀመጥና መዛመድ ብቻ ናቸው። ይህ ለአንድ መሪ እንዴት ወንጀል ሆነ? ፊልሙ መጠየቅ ያለበት ይህንን ነው። ሰልሟል ብለን ስንሟገት ለከሳሾቹ ምስክር እየሆንን ነው። ቀልቡን አላህ ያውቃል።

ጀግና ብቻ አድርገውም አይሳሉት። በጊሚራ ዘመቻው ብዙ ሰው ለባርነት ተግዟል። የተገፋ መሪም ሌላውን ይገፋል፤ ይህን የዘለለ ፊልም የእነዚያን ሰዎች እንባ የረሳ ነው።

ለእኛ ከሁሉም በላይ ልብ የሚነካው የአባቱ ታሪክ ነው። ንጉሥ ሚካኤል የቀድሞ ስማቸው ሙሐመድ ዐሊ ነበር። ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ፣ በዐፄ ዮሐንስ ዘመን ተጠመቁ። ሹመቱም ክብሩም መጣ። ከዚያ ልጃቸው እሳቸው በተዉት ሃይማኖት ተከሶ ወረደ! ጥቅምት 17 ቀን 1909 ሰገሌ ላይ ለልጃቸው ተዋጉ፣ ተሸነፉ፣ ተማረኩ። ከውጊያው በፊት በነበረው ሌሊት ድንኳናቸው ውስጥ ምን አስበው ይሆን? ሺህ ፈረሰኛ ከሚያሳየን ዳይሬክተር ይልቅ ያቺን ሌሊት የሚያሳየንን እንመርጣለን።

ኢያሱ ሚኤሶ ላይ ጦሩ ተሸንፎ ወደ አፋር በረሃ ሸሸ። በ1913 ተይዞ ፍቼ ታሰረ፤ አምልጦ ዳግም ተያዘና ጋራ ሙለታ ተወሰደ፣ በ1928 እዚያው እስር ላይ ሞተ።

ሚኤሶ ሩቅ አይደለችም፤ ከአዳማ በባቡሩ መስመር ወደ ድሬዳዋ ስንሄድ የምናልፋት ከተማ ናት። ካሜራና ስልክ የያዛችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የፊልም በጀት እስኪገኝ አትጠብቁ። ስለዚያ ዘመን ከአባቶቻቸው የሰሙ አዛውንቶች ካሉ ዛሬውኑ ሄዳችሁ ጠይቋቸው፣ በአፋን ኦሮሞም በሶማሊኛም ቅረጿቸው፤ ኢንሻአላህ እዚህ ገጽ ላይ እናጋራዋለን።