የንግድ ቤቱና የጉጉቷ ምልክት

በአገራችን ጉጉት ማታ በጣራ ላይ ስትጮኽ የሰማ ሰው ደስ አይለውም፤ ሱቁን በጉጉት ሥዕል የሚያስጌጥ ነጋዴም በቀላሉ አይገኝም። በእንግሊዝ አገር በሊቨርፑል ከተማ የነበረው ሲግኖሲስ የተባለ የቪዲዮ ጨዋታ ኩባንያ ግን ጉጉትን የንግድ ምልክቱ አድርጎ ብዙ ዓመት ነግዶባታል።

ኩባንያው የተወለደው ከኪሣራ ነው። በዚያው ከተማ ኢማጂን የሚባል የጨዋታ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1984 ከስሮ ሲዘጋ፣ በውስጡ ከነበሩት ሰዎች ኢያን ሄዘሪንግተንና ዴቪድ ሎውሰን ከጆናታን ኤሊስ ጋር ሆነው ሲግኖሲስን አቋቋሙ። የመጡበት ቤት ስሙ ስለ ጠፋ በእርሱ ሊነግዱ አይችሉም ነበር። አዲሱን ምልክት በሙዚቃ ሸክላ ሽፋኖች የታወቀው ሠዓሊ ሮጀር ዲን ሣለላቸው። ጨዋታው ከመከፈቱ በፊት፣ ኮምፒዩተሩ ዲስኩን እስኪያነብ ድረስ፣ ጉጉቷ በመስኮቱ ላይ ትታያለች፤ ተጫዋቹም ሌላ የሚያየው ስለሌለ እርሷን ይመለከታል። ዋጋውን አስቀድሞ የከፈለ ደንበኛ በገዛ ቤቱ ተቀምጦ ደጋግሞ የሚያየው ማስታወቂያ ከየት ይገኛል? በ1989 ሻዶው ኦፍ ዘ ቢስት የተባለውን ጨዋታ ያወጡት የዲን ሥዕል ባለበት ትልቅ ሣጥን፣ ካናቴራ ጨምረውበት ነው።

ይህን ጨዋታ የሠራው ግን ሪፍሌክሽንስ የተባለ ሌላ ቤት ነው። በ1991 ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰውን ሌሚንግስንም የሠራው በስኮትላንድ በደንዲ ከተማ የነበረው ዲ.ኤም.ኤ. ዲዛይን ነበር። ሲግኖሲስ አሳታሚያቸው ነው፤ ገዥው ግን ይህን አይመረምርም፣ ጉጉቷን ካየ ይበቃዋል። ቡና ላኪ ከብዙ አቅራቢ የገዛውን ቡና አበጥሮ በጆንያው ላይ ምልክቱን ሲያትም፣ በውጭ አገር ያለው ገዥ የሚያምነው ምልክቱን እንደሆነ ሁሉ ማለት ነው።

የጃፓኑ ሶኒ ፕሌይስቴሽን የተባለውን መጫወቻ ለማውጣት ሲሰናዳ በ1993 ኩባንያውን ገዛው። በ1995 መጫወቻው ለአውሮፓ ገበያ ሲቀርብ የሲግኖሲስ ዋይፕአውት አብሮት ወጣ፤ ለአዲሱ ዕቃ መታወቂያ ከሆኑት ጨዋታዎችም አንዱ ሆነ። በአዲሱ ምዕት ዓመት መግቢያ ግን ባለቤቱ የቀድሞውን ስም ትቶ ቤቱን ስቱዲዮ ሊቨርፑል አሰኘው፤ ጉጉቷም ከመስኮቱ ወረደች።

ለሶኒ የሚከራከር ሰው፣ ስሙ በዓለም የታወቀ ነጋዴ በአንድ ደጃፍ ሁለት ሰሌዳ መስቀል ለምን ያስፈልገዋል ይል ይሆናል። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም፤ ሲግኖሲስ ከተገዛ በኋላም ለተወዳዳሪ መጫወቻዎች ጨዋታ ይሸጥ ነበርና፣ ባለቤቱ ለራሱ ብቻ እንዲሠራለት መፈለጉ አያስነቅፍም። ነገር ግን ለዚህ ሲባል ስሙን መጣል ግድ አልነበረም። ቤቱ ሲገዛ ዕቃውና ሠራተኛው ብቻ ሳይሆን ደንበኛ በብዙ ዓመት የሰጠው እምነትም አብሮ ተገዝቷል። ስቱዲዮ ሊቨርፑል የሚለው ስም ግን ከተማውን እንጂ ቤቱን አይናገርም። የታወቀ ሱቅ ገዝቶ በማግሥቱ ሰሌዳውን የሚያወርድ ነጋዴ ስንት ብር አብሮ እንደሚያወርድ አስቀድሞ ቢያሰላ አይጎዳም።

ሶኒ ስቱዲዮውን እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 2012 ዘጋው። ወሬውን ያተሙት ጋዜጠኞችም አንባቢው የተዘጋው ማን እንደሆነ እንዲያውቅላቸው፣ ቀድሞ ሲግኖሲስ ይባል የነበረው እያሉ ጻፉ።