የሞተር ብስክሌት መሪ ስትቀይሩ

ባለፈው ሳምንት ስለ ሰንሰለት አጠባበቅ ተነጋግረን ነበር። ዛሬ ደግሞ ስለ ሞተር ብስክሌት መሪ እናወጋለን። መሪ ማለት ነጂው በሁለት እጁ የሚይዘው ብረት ነው።

መሪው ለነጂው ቁመት ካልተስማማ ሰውነት ይጎዳል። መሪው ዝቅ ካለና ከራቀ ነጂው ይጎብጣል። የሰውነቱ ክብደት መዳፉ ላይ ያርፋል። ወገብ ያማል፤ ትከሻ ይዝላል፤ እጅም ይደነዝዛል።

እጅ ለምን ይደነዝዛል? ወደ ትንሿ ጣትና ወደ ቀለበት ጣት የሚሄደው ነርቭ በመዳፍ ጠርዝ በኩል ያልፋል። መዳፍ መሪውን ሲጫን፣ ንዝረትም ሲጨመርበት፣ ይህ ነርቭ ይጎዳል። የእጅ አንጓ ታጥፎ ሲቆይ ደግሞ አውራ ጣት፣ ጠቋሚ ጣትና የመሐል ጣት ይደነዝዛሉ። የደነዘዘ እጅ ፍሬን ቶሎ አይዝም። ስለዚህ ነገሩ የምቾት ብቻ አይደለም፤ የሕይወትም ነው።

እስቲ በእኛ የደረሰውን እናጫውታችሁ። ጊዜው ጥቅምት 2010 ዓ.ም. ነበር። አገሩ ምሥራቅ ጎጃም ነው። ባልደረባችን የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ነበር። ቁመቱ ረጅም ነው፤ የሞተር ብስክሌቱ መሪ ግን ዝቅ ያለ ነበር። ከቀበሌ ቀበሌ ሲዞር ውሎ ማታ ሲመለስ፣ እንጀራ መቁረስ እስኪያቅተው ጣቶቹ ይደነዝዙ ነበር። “ኧረ ይሄ ነገር ሽባ ሊያደርገኝ ነው!” ይለን ነበር።

አንድ ቀን ከገበያ ከፍ ያለ መሪ ገዝቶ መጣ። እሱ ፈታ። መፍቻውን ያቀበልነው እኛ ነበርን። ባንድ ሰዓት ጨረስን። ጎበዞች ነን ብለን ተሳሳቅን።

በማግስቱ የአባ ሰንጋ ክትባት በበረዶ ሣጥን ጭኖ ወጣ። መንገዱ ቀጥ ያለ ነበር። እጁም አልደነዘዘም። ወንዙ ዳር ሲደርስ ግን መሻገሪያው ፈርሶ አገኘው። ለመመለስ ብሎ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ አዞረ። እንዴ! ቤንዚን ሳይሰጥ ሞተሩ በራሱ ጮኸ። ሞተር ብስክሌቱ ዘሎ ቦይ ውስጥ ጣለው። የትከሻው አጥንት ተሰበረ። ስድስት ሳምንት ክንዱ በፋሻ ታስሮ ከረመ። የበረዶ ሣጥኑ ተከፍቶ ክትባቱን ፀሐይ መታው። ከብቶቻቸውን ሰብስበው ሲጠብቁ የዋሉት ገበሬዎችም ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

ምክንያቱ ምን ነበር? ቤንዚን መስጫው ከሞተሩ ጋር የሚገናኘው በሽቦ ገመድ ነው። መሪው ከፍ ሲል ገመዱ አጠረው። መሪው ሲዞር ገመዱ ተወጠረ። ተወጥሮም በራሱ ቤንዚን ሰጠ። ይህን ያሳዩን አንድ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። “ልጆቼ፣ መሪውን አያችሁ እንጂ ገመዱን መች አያችሁ?” አሉን። አንገታችንን ደፋን። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ማለት ይኸው ነው።

በሉ እንግዲህ፣ ያኔ ያልሠራነውን ዛሬ በተራ እንየው።

አንደኛ፣ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ያለውን መሪ አስተካክሉ። በብዙ ሞተር ብስክሌቶች ላይ መሪው በአራት ብሎን የታሰረ ነው። ብሎኖቹን ላላ አድርጉና መሪውን ጥቂት ወደ ራሳችሁ ወይም ወደ ፊት አዙሩት። የፍሬኑንና የፍሪሲዮኑን መያዣም አስተካክሉ። ስትቀመጡ ክርናችሁ ትንሽ ይጠፍ። የእጅ አንጓችሁ ከክንዳችሁ ጋር ቀጥ ይበል። መልሳችሁም አጥብቁ። ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል። ዋጋውም ድካም ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ይህ ካልበቃ ልኩን ለክታችሁ ግዙ። የብዙ መሪዎች ውፍረት 22 ሚሊ ሜትር ነው። ማሰሪያው ላይ 28.6 ሚሊ ሜትር የሆኑም አሉ። የቀጠነውን መሪ ቆርቆሮ ጠቅልሎ ማሰር አደጋ ነው። መሪን በብየዳ መቀጠልም እንደዚሁ ነው፤ መንገድ ላይ ይሰበራል።

ሦስተኛ፣ ከመፍታታችሁ በፊት የገመዶቹን መንገድ በደንብ እዩ። ስልክ ካላችሁ ፎቶ አንሱት። ሰልባቲዮው እንዳይጫር ጨርቅ ጣሉበት። ፍሬኑ በዘይት የሚሠራ ከሆነ የዘይቱን ዕቃ አትገልብጡት። አየር ከገባበት ፍሬኑ አይዝም።

አራተኛ፣ አዲሱን መሪ ስታስሩ አንዱን ብሎን ብቻ ጥርቅም አታድርጉ። ሁሉንም በተራ በተራ፣ በጥቂት በጥቂቱ አጥብቁ። የማጥበቂያው ልክ በመመሪያው መጽሐፍ ላይ ተጽፏል።

አምስተኛ፣ ሞተሩ እንደጠፋ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ ከዚያም እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ አዙሩ። ገመድ ተወጥሯል? የፍሬኑ ቱቦስ? የተቆነጠጠ የመብራት ሽቦ አለ? መሪው ሰልባቲዮውን ይነካል? ቤንዚን መስጫውን አዙራችሁ ስትለቁት ቶሎ ወደ ቦታው ይመለሳል?

ስድስተኛ፣ ማርሹን ባዶ አድርጉና ሞተሩን አስነሱ። አሁንም መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዙሩ። ጆሯችሁን ስጡ። የሞተሩ ድምፅ ከጨመረ ገመዱ ተወጥሯል ማለት ነው። እንዳትነዱት! የገመዱን መንገድ አስተካክሉ፤ ካልደረሰም ረዘም ያለ ገመድ ግዙ። ሁሉም ደህና ከሆነ በመጀመሪያ ደጃችሁ ላይ ቀስ ብላችሁ ንዱ። ፍሬኑንም ሞክሩ።

ይህ ስድስተኛው ሙከራ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እኛ ሁለት ደቂቃ ቆጥበን የወንድማችንን ትከሻ ከፈልን። እሱ ዛሬ ድኗል። ያንኑ ከፍ ያለ መሪ ይዞ፣ በረጅም ገመድ፣ ጣቱ ሳይደነዝዝ ይነዳል። ወደ መንገድ ሳይወጣ ግን መሪውን ግራና ቀኝ ያዞራል፤ ያዳምጣል። እኛም እንደሱ እናደርጋለን።

ካነበባችሁ በኋላ እነዚህን ጥያቄዎች እርስ በርሳችሁ ተጠያየቁ።
1. የባልደረባችን ሞተር ብስክሌት በራሱ የዘለለው ለምንድን ነው?
2. አዲስ መሪ ከመግዛት በፊት ምን መደረግ አለበት?
3. መሪው ሲዞር የሞተሩ ድምፅ ቢጨምር ምን ታደርጋላችሁ?