ስለ ቤተ ሰብ ጤና፤ ምች ነው ተብሎ ስለሚታለፍ ደዌ

በዛሬው ዓምዳችን በድንገት ስለሚመጣው የአንጎል ደም ሥር ደዌ፣ ይኸውም ሐኪሞች ስትሮክ ስለሚሉት፣ ለቤተ ሰብ ሁሉ የሚጠቅም ጥቂት ቃል ልንናገር አሰብን።

አንድ አባት ከልጆቹ ጋራ ቡና ሲጠጣ ሲኒው ከእጁ ወደቀ እንበል። አፉ ወደ አንድ ወገን ተጣመመ፤ ሊናገር ሲልም ምላሱ ተሳሰረ። ጎረቤት ተሰብስቦ አንዱ «ምች ነውና ዳማ ከሴ ጨምቁለት» ይላል፤ ሁለተኛው «ጥላ ወጊ ነው» ይላል፤ ሦስተኛውም «ጥቂት ተኝቶ ይነሣ» ይላል። ምክሩ ከፍቅር የመጣ መሆኑን አንክድም፤ ነገር ግን ምክር ሲበዛ ሰዓቱ ያልፋል፤ ከሰዓቱም ጋራ የአባትየው እጅና አንደበት ይሄዳል።

የደዌው ምክንያት ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው ወደ አንጎል ደም የሚወስደው ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ፣ ሁለተኛው ሥሩ ፈንድቶ ደም ሲፈስ ነው። ትልቅ ሥር በተዘጋ ጊዜ በየደቂቃው 2 ሚሊዮን የሚያህሉ የአንጎል ሕዋሳት ይሞታሉ። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ደዌው ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ ይህም አንጎሉ በሲቲ ስካን ከታየ በኋላ ነው። መድኃኒቱ በሁሉ ሆስፒታል አይገኝም፤ ሆኖም በማይገኝበትም ስፍራ ቢሆን ፈጥኖ የደረሰ በሽተኛ ከዘገየው ይልቅ ይረዳል።

ስለዚህ ፈገግ እንዲል፣ ሁለት እጁን እንዲያነሣ፣ አንድ ዐረፍተ ነገር እንዲናገር ንገሩት። ፊቱ ቢጣመም፣ አንዱ እጁ ቢወድቅ ወይም ንግግሩ ቢጎለድፍ፣ አንዱ ምልክት ብቻውን ይበቃልና ወዲያው ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ድንገተኛ የዐይን መጨለም፣ ሚዛን ማጣትና ከባድ ራስ ምታትም እንደዚሁ ናቸው። ፊትን ብቻ የሚያጣምም ሌላ ሕመም መኖሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ይህን ከዚያ የሚለየው ሐኪም እንጂ ጎረቤት አይደለም። ምልክቱ በጥቂት ደቂቃ ቢጠፋም «ተሻለው» ብላችሁ አትቅሩ፤ የሚመጣውን የሚያስታውቅ ነውና።

በሽተኛው ደኅና ሆኖ የታየበትን የመጨረሻ ሰዓት ያዙ፤ ሐኪሙ አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህን ነው። መዋጥ ተስኖት ሊታነቅ ይችላልና ውሃም ምግብም አትስጡት። ደም ፈስሶ እንደ ሆነ ይጎዳዋልና አስፕሪን አትስጡት፤ የሌላ ሰው የደም ግፊት ክኒንም እንዲሁ። ራሱን ከሳተ በጎኑ አስተኙት።

ደዌውን ከሚያመጡት ዋነኛው የደም ግፊት ነው። ይህም ለብዙ ዘመን ሳይታወቅ ይኖራልና፣ «ምንም አያመኝም» የሚል ሰው ሁሉ ይለካ። ልኩ በተደጋጋሚ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ሐኪም የሰጠውን መድኃኒት ደኅና ነኝ ብሎ አያቋርጥ። የስኳር በሽታ፣ ትምባሆ፣ መጠጥ ማብዛት፣ የልብ ሕመምም ደዌውን ይጠራሉ። ጨውም በቀን ለአንድ ሰው ከ5 ግራም፣ ማለት ከአንድ የሻይ ማንኪያ እንዳይበልጥ፣ ወጥ የምትሠራው እመቤት ትጠንቀቅ።

እንግዲህ አንባቢዎቻችን ሆይ፣ ይህን ለልጆቻችሁም አንብቡላቸው። በዚያች ሰዓት ከአባት አጠገብ የሚገኘው ምናልባት ታናሹ ልጅ ይሆናልና።