ያረጀ ሞተር ይታደስ ወይስ ይለወጥ?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ አልፎ አምቦ የሚደርሰው፣ ከዚያም በጉደር፣ በጌዶና በባኮ ወደ ነቀምት የሚዘልቀው አውራ ጎዳና አስፋልት ነው። ይሁን እንጂ የምዕራብ ሸዋ ንግድ በአስፋልት ዳር ብቻ የሚካሄድ አይደለም። የጀልዱ ድንች፣ የባኮ በቆሎ፣ ከየገጠሩ የሚሰበሰበውም ጤፍና ኑግ ወደ ገበያ የሚወጣው በጭቃና በአቧራ የሚሄድ መኪና ሲገኝ ነው። ስለዚህ በአራቱም ጎማ የሚነዳው አሮጌ ላንድ ክሩዘር ወይም ላንድ ሮቨር ለብዙ ነጋዴ ከመጋዘኑ ቀጥሎ የሚቆጠር ሀብቱ ነው።

ይህ መኪና ጭስ ማብዛት፣ ዘይት መብላትና ዳገት ላይ መልገም በጀመረ ጊዜ ባለቤቱ ሞተሩን ማሳደስ ወይም ሌላ ሞተር መግዛት ይኖርበታል። ቀድሞ መኪናውን ሸጦ የተሻለ መግዛትም ሦስተኛ መንገድ ነበረ፤ አሁን ግን ይህ መንገድ ጠብቧል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላም፣ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው የአሜሪካ ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የመለዋወጫና የሞተር ዋጋም አብሮ ወጣ። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ነገር የሚሳሳት ነጋዴ የሚያጣው ለእህል መግዣ ያስቀመጠውን ገንዘብ ነው።

በዚህ ነገር የሚታየው ትልቁ ጥፋት ሳይለኩ መፍረድ ነው። ጥቁር ጭስ ያየ ሁሉ «ሞተሩ አልቋል» ይላል፤ ነገር ግን ጥቁር ጭስ ብዙውን ጊዜ የሚያመለክተው ናፍጣው መብዛቱን ወይም አየሩ ማነሱን ነው። የተደፈነ የአየር ማጣሪያ ወይም ያልተስተካከለ የናፍጣ ፓምፕ ያንኑ ጭስ ያስወጣል። ዘይት መቃጠሉን የሚያመለክተው ሰማያዊ ጭስ ነው። ራዲያተሩ ውሃ እያጎደለ ነጭ ጭስ የሚወጣ እንደ ሆነ ደግሞ የቴስታታው ጉዋርኒሲዮን መጠርጠር አለበት።

የግፊት መለኪያም ቢሆን በአግባቡ ካልተነበበ ያሳስታል። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። የፋብሪካው መጽሐፍ የሚሰጠውን ቁጥር በአምቦ የሚፈልግ መካኒክ ጤነኛውን ሞተር በሞት ሊፈርድበት ይችላል። ትክክለኛው ዘዴ ሲሊንደሮቹን እርስ በርስ ማነጻጸር ነው። ከዚያም በየሲሊንደሩ የታመቀ አየር እየሰጡ የሚያመልጥበትን ማዳመጥ ያስፈልጋል። አየሩ በጭስ ማውጫው ቢወጣ ጥፋቱ የቫልቭ ስለ ሆነ ቴስታታውን ብቻ ማሠራት ይበቃል፤ በዘይት መሙያው ቢወጣ ግን ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ተበልቷልና ሞተሩ መውረድ ይኖርበታል።

ሞተሩ ከወረደ በኋላ የሚወስነው የብሎኩና የክራንክ ሻፍቱ ልክ ነው። ብሎኩ ያልተሰነጠቀ፣ ክራንክ ሻፍቱም ተሞርዶ ልክ የሚሆን ብሮንዚና የሚገኝለት ከሆነ ማሳደስ ይሻላል። ብሎኩ የተሰነጠቀ ወይም ክራንክ ሻፍቱ ከመጨረሻው ልክ ያለፈ እንደ ሆነ ግን በማሳደስ ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ከንቱ ነው፤ ያን ጊዜ ዓይነቱ ያው የሆነ ሌላ ሞተር መግዛት ይገባል።

ያገለገለ ሞተር ገዝቶ መግጠም ጥቂት ቀን ብቻ ይፈጃል፤ ማሳደስ ግን ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ መኪና የቆመበት ነጋዴም ገበያ ያልፈዋል የሚሉ አሉ። ክርክሩ እውነትነት አለው። ነገር ግን በመርካቶ ሶማሌ ተራ ታጥቦና ቀለም ተቀብቶ የሚታየው ሞተር ስንት ሺህ ኪሎ ሜትር እንደ ሠራ፣ ሙቀት አግኝቶት እንደ ሆነም ሻጩ ራሱ ላያውቀው ይችላል። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል እንደ ተባለው፣ ተለክቶ የታደሰ የራስ ሞተር ካልታወቀው ይበልጣል። በዚህም ላይ የሞተር ቁጥር በሊብሬው የተመዘገበ ስለ ሆነ፣ ሞተር የለወጠ ሰው የግዢና የጉምሩክ ሰነድ ይዞ ካላስመዘገበ ዓመታዊ ምርመራ ሲደርስ ወይም መኪናውን ሲሸጥ ይቸገራል። ዓይነቱ የተለየ ሞተር የሚገጥም ደግሞ ካምቢዮው፣ ፍሪሲዮኑና ራዲያተሩ አልስማማ እያሉ ሁለተኛ ወጪ ያስከትሉበታል።

የጊዜውን ችግር የሚያቃልለው አስቀድሞ ማሰብ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር እህል በሚወጣበት ወራት ሞተር ማውረድ ኪሣራ ነው። ሕመሙ በበጋ የታወቀ ሞተር ገበያው በሚቀዘቅዝበት ክረምት ሊታደስ ይችላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው፣ ሞተሩ መንገድ ላይ እስኪቆም ጠብቆ ያገኘውን ለሚገዛ ነው።

ማሳደሱም ቢሆን ሞተሩን የጎዳው ነገር ካልተወገደ ዋጋ የለውም። የገጠር መንገድ አቧራ በተቀደደ ማጣሪያ ገብቶ ፋሻንና ሲሊንደርን ይሞርዳል። የአምቦ ማዕድን ውሃ ለሰው ይጣፍጥ እንጂ እንዲህ ያለ ማዕድን የበዛበት ውሃ በራዲያተር ውስጥ እየሞቀ ደለል ያበጃል፤ ሞተርንም ለግለት ይዳርጋል። ስለዚህ ከታደሰው ሞተር ጋር አዲስ ማጣሪያ፣ የተጠረገ ራዲያተርና ንጹሕ ውሃ መግባት አለባቸው። ከመጀመሪያዎቹ 1,000 ኪሎ ሜትሮች በኋላ ዘይቱን መለወጥ፣ እስከዚያም ከባድ ጭነት አለመጫን ይገባል።

በመጨረሻ የሚቀረው የነጋዴዎች የጋራ ጉዳይ ነው። ክራንክ ሻፍት ለማስሞረድ ከባኮ ወይም ከጌዶ አዲስ አበባ ድረስ መመላለስ ገንዘብና ቀን ይፈጃል። በአምቦ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ትምህርት ይሰጣል፤ በየከተማውም እጃቸው የተፈታ መካኒኮች አሉ። የመለዋወጫ አስመጪዎችና የመኪና ባለቤቶች ተባብረው በአምቦ ትክክለኛ መለኪያና መሞረጃ ያለው፣ የለካውንም ቁጥር በጽሑፍ የሚሰጥ ሥራ ቤት ቢያቋቁሙ ለሁሉም ይበጃል። ቁጥሩን በእጁ የያዘ ነጋዴ ማሳደስን ከመለወጥ ለመምረጥ የሰው ግምት አያስፈልገውም።